የራዲያተር ፋን ሽፋን በፋይበርግላስ ስለ መሥራት

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባሉ ጋራዦች ከማያቸው አሮጌ የቶዮታ ዲኤክስ መኪኖች መካከል ብዙዎቹ ከራዲያተሩ ጀርባ ፋኑን ዙሪያውን የሚከብበው ሽፋን የላቸውም። አንድ ጊዜ ለጥገና ይፈታል፣ ወይም ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ቦታው አይመልሰውም። እጅን ከፋኑ ከመከላከል ሌላ ሥራ የሌለው የሚመስላቸው ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም። ሽፋኑ ግን ፋኑ አየሩን ከራዲያተሩ ገጽ ሁሉ እንዲስብ የሚያደርግ ነው። እሱ ከሌለ ፋኑ የሚስበው ከፊቱ ካለው ክብ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ የገፋው አየርም በክንፎቹ ጫፍ ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። በፍጥነት መንገዱ ላይ ነፋሱ ራሱ ሥራውን ስለሚሠራ ጉድለቱ አይታወቅም፤ ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪኖች መካከል ቆመን ስንጠብቅ ግን የሙቀት መለኪያው መውጣት ይጀምራል።

የከተማችን የአዲስ አበባ ከፍታም ነገሩን ያባብሰዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ክዳን የሌለው ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊት በመያዝ ይህን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ ሆኖም ያረጀ ክዳንና የጎደለ የፋን ሽፋን አንድ ላይ ሲገናኙ ሞተሩ የሚተርፍበት ልዩነት በጣም ጠባብ ይሆናል። ይህን ዕቃ በግቢዬ መሥራት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፋይበርግላስን፣ ማለትም ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ማጣበቂያ ተያይዞ የሚጠነክረውን የመስታወት ክር፣ የመረጥኩት ውድ የብረት መጭመቂያ ስለማይፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሼቭሮሌት 300 ብቻ የሆኑትን የመጀመሪያዎቹን ኮርቬቶች ሲያወጣ አካላቸው የተሠራው ከዚሁ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ የሞተር ክፍል ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ በፋይበርግላስ አይሠራም። የመስታወቱ ክር የሚለሰልሰው ከ800 ዲግሪ በላይ ነው፤ ቀድሞ የሚሸነፈው የሚያያይዘው ሬዚን ነው። ተራው ፖሊስተር ሬዚን ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚቀመጥ፣ ነዳጅ የሚይዝ ወይም የዘይት ግፊት የሚሸከም ዕቃ እንድሠራ ብጠየቅ እምቢ እላለሁ። የአየር ማጣሪያ ቤት፣ የአየር ማስገቢያ ቱቦና የፋን ሽፋን ግን ይቻላል፤ ሙቀትን የበለጠ የሚቋቋመው ቪኒል ኤስተር የተባለው ሬዚን ከተገኘ ለፋን ሽፋን እሱን እመርጣለሁ።

ልኬቱ ላይ መቸኮል አይገባም። በዲኤክስ ላይ ፋኑ ከሞተሩ ጋር የታሰረ ሲሆን ራዲያተሩ የታሰረው ከአካሉ ጋር ነው። ሞተሩ በጎማ መቀመጫው ላይ ሲወዛወዝ ፋኑም አብሮት ስለሚወዛወዝ በክንፎቹ ጫፍና በሽፋኑ መካከል ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ያስፈልጋል። የክንፉ ወርድ ግማሹ በሽፋኑ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ቢሆን መልካም ነው። ፋይበርግላሱ የሚነጠፍበትን ቅርጽ ከእንጨትና ከካርቶን አዋቅሬ በጀሶ እሞላዋለሁ። ጀሶው እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ሬዚኑ እንዳይጠነክር ያደርጋልና። ከዚያ ቫርኒሽ፣ በላዩም ደጋግሞ ሰም። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ለቅርጽ የሚመች ቢመስልም ፖሊስተር ሬዚን ያሟሟዋል።

ለ1 ኪሎ ሬዚን የሚገባው ሃርደነር (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ኬሚካል) ከ10 እስከ 20 ግራም ሲሆን፣ መጠኑን የሚወስነው የቀኑ ሙቀት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ሥራውን የምጀምረው ፀሐይ ግቢውን ካሞቀች በኋላ ረፋድ ላይ ነው፤ ብርዱን ለማካካስ ከመጠኑ በላይ ሃርደነር መጨመር ዕቃውን ያሰባብረዋል። ሃርደነሩ ዓይን ውስጥ ቢረጭ ሊያሳውር ስለሚችል ያለ መነጽር ጠርሙሱን መክፈት አይገባም። የሬዚኑ ትነት እሳት ይይዛል፤ የቡና ከሰልም በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ አይቀጣጠልም።

በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ማት (የመስታወት ክር ንጣፍ) አንዱ ንብርብር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሰጣል። ሦስት ንብርብር ለሽፋኑ ይበቃል፣ ብሎን የሚገባባቸው ማዕዘኖች ግን እጥፍ ይፈልጋሉ። ማቱ ሲነጠፍ እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ ሬዚኑ ሲጠጣው ንጣቱ ይጠፋና ሥሩ ያለው የቅርጹ ቀለም ይታያል። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ካለ ውስጡ አየር አለ ማለት ነው። ይህን የማስወጣው ብሩሹን ቀጥ አድርጌ በጫፉ በመጠቅጠቅ ነው፣ ምክንያቱም እንደ ቀለም ከጎተቱት ክሮቹ ይበታተናሉ። ሬዚኑ ረግቶ ገና ድንጋይ ሳይሆን፣ ምላጭ ያለ ችግር የሚቆርጠው አጭር ጊዜ አለ፤ ትርፉን ጠርዝ በዚያ ጊዜ የከረከመ ሰው ከብዙ የግራይንደር አቧራ ይድናል።

እጅ ላይ ጠንካራ መስሎ የሚታይ ዕቃ ገና አልበሰለም። ከቅርጹ ሳላወጣ ጥቁር በተቀባ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ፀሐይ ላይ ለቀናት አቆየዋለሁ፤ የሬዚኑ ሽታ በግልጽ እስካለ ድረስ ወደ ሞተር አላስገባውም። ሲበስል ጠርዙን በውሃ እያራስኩ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ ማስክና ጓንትም አይለዩኝም። ብሎኖቹ ሥር ሰፊ ሮንዴላና ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ እጨምራለሁ፤ ንዝረቱ ቀዳዳዎቹን እንዳይሰነጥቅ።

ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን አስነስቼ አንድ ወረቀት በራዲያተሩ ፊት በኩል አስጠጋለሁ። ሽፋኑ በማይኖርበት ጊዜ ወረቀቱ የሚያዘው በፋኑ ትይዩ ብቻ ነው፤ ጥሩ ሽፋን ካለ ግን አራቱም ማዕዘኖች ላይ ይጣበቃል። አንዱ ማዕዘን ላይ ከወደቀ በሽፋኑና በራዲያተሩ ጠርዝ መካከል አየር የሚያሾልክ ክፍተት ስላለ፣ በዚያ በኩል ቀጭን የስፖንጅ ጎማ ለጥፌ እንደገና እፈትሻለሁ።