ያባዬን የክርስትና መዝገብ እንዴት እንዳገኘሁት

እህቴ ልታገባ ስትል ሽማግሌዎቹ "ሰባት ቤት ቁጠሩ" አሉን፣ እኔ ገና ሦስተኛው ላይ አለቀብኝ። የሚነግረን አባዬ ካረፈ ቆይቷል፣ መቼ እንደተወለደ እንኳን በትክክል አናውቅም። መታወቂያው 1955 ይላል፣ አክስቴ ግን ሁሌ "የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ነው የተወለደው፣ እማዬ ተኩስ እየሰማች ነው ያማጠችው" ትላለች፣ ግርግሩ (የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው) ደግሞ 1953 ነው። ያኔ የልደት ካርድ እንደዛሬው በየቀበሌው አይገኝም፣ እና ያለኝ ተስፋ ክርስትና የተነሳበት ደብር ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት እሁድ ቅዳሴ እንዳለቀ ስልኬን ይዤ ሰበካ ጉባኤ ቢሮ ገብቼ "መዝገቡን ፎቶ ላነሳ ነበር" ማለቴ ነው። ጸሐፊው መሪጌታ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩኝ "መዝገብ ለሰው አይታይም ልጄ" አሉኝ። ያባቴ ስም እኮ ነው፣ ምን ምስጢር አለው ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። በኋላ ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ፣ አንዱ ገጽ ላይ ያለው አባዬ ብቻ አይደለማ፣ የጎረቤቱም ልጅ አለ፣ አባት ያልተጻፈለት አለ፣ ሰፈሩ ከሚያውቀው ሌላ አባት የተጻፈለት አለ፣ ውርስ ክርክር ያለበትም አይጠፋም። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን አላሳይም። ስለዚህ መዝገብ አሳዩኝ አይባልም፣ "የክርስትና ምስክር ወረቀት ይጻፍልኝ" ነው የሚባለው፣ እነሱ ራሳቸው ያገላብጡልሃል። ማመልከቻ፣ መታወቂያ፣ ልጁ መሆኔን የሚያሳይ የራሴ የልደት ካርድ ያዝኩ፣ ደግሞ በሥራ ቀን ጠዋት ሄድኩ (በዓል ሰሞን ጭራሽ እንዳትሞክሩት)።

ሁለተኛ ስሄድ ሌላ ጉድ። "ክርስትና ስሙ ማነው?" ሲሉኝ ዝም። መዝገቡ የሚጻፈው በክርስትና ስም ነዋ፣ በዓለም ስሙ ብትፈልግ እስከ ዳግም ምጽዓት አታገኘውም። አክስቴ ጋ ደወልኩ። "አንተ ልጅ፣ ፍትሐት ላይ ሲጠሩት አልሰማህም? ገብረ ኪዳን እኮ ነው" አለችኝ። ያን ቀን እኔ ምን ልሰማ። ግን በቃ ስሙ ተገኘ፣ የሞተ ሰው ክርስትና ስም የጠፋባችሁ ካላችሁ ፍትሐቱ ላይ የነበሩትን ወይ የንስሐ አባቱን ጠይቁ።

መሪጌታ ስሙን ሲሰሙ ፈገግ አሉ፣ "ኪዳን ከሆነ 16 ቀኖቹን እንያቸዋ" አሉ። በየወሩ 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ታቦት ስለሚወጣ ነው፣ ሁሌም ባይሆንም። ሲያገላብጡ ሲያገላብጡ ጥር 16 ላይ ገብረ ኪዳን፣ የእናቱ ስም የአያቴ ክርስትና ስም። ዓመተ ምሕረቱን ግን አይጥ በልቶታል! ልቤ ወረደ። ጎኑ ላይ "ዘመነ ማቴዎስ" የሚል ተርፏል። መሪጌታ እዛው በጣታቸው አሰሉት፣ ዓመቱ ላይ 5500 ደምረህ ለአራት ስታካፍል አንድ ከተረፈ ማቴዎስ ነው፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1953 ሲደመር 7453፣ ተራፊው አንድ። የመታወቂያው 1955 ግን ሉቃስ ላይ ነው የሚወድቀው፣ አበቃለት። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ነው የሚጠመቀው፣ ከጥር 16 ወደኋላ ስትቆጥር ታኅሣሥ 7፣ ከተማው በተኩስ ሲናጥ። አክስቴ ልክ ነበረች፣ እስካሁን ትኮራብኛለች።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የክርስትና አባቱ ስም የተጻፈበት መስመር ነው። ለአክስቴ ሳነብላት "እሱማ ያያትህ አጎት ነው፣ ከቡልጋ መጥቶ እኛ ቤት የከረመው" አለችና የአባቱን ያያቱን ስም ዘረዘረችው፣ ቀድሞ ስጠይቃት አንዱንም አላስታወሰችም ነበር እኮ። አሁን አምስተኛ ቤት ላይ ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ ቡልጋ ልወርድ ነው፣ እዛ መዝገብ እንኳን የለም ብለውኛል፣ የሚያስታውሱ አንድ ሽማግሌ ቄስ ግን አሉ አሉ።