አይዞዎት፣ ጋሼ

ልጁ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበኝም አልጠላም። እሱ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «አይዞዎት፣ ጋሼ» አለኝ። ይኸው አስራ ሰባት ቀን ሆነኝ። ፊቴን ስታጠብ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቼ የምሰማው ይህችኑ ቃል ነው።

ነገሩ የጀመረው በጭስ ነው። ቪትዜ የትራፊክ መብራት ላይ በቆመች ቁጥር ከኮፈኗ ስር ጭስ ብን ይላል። ወደ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «የሞተሩ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ደርቋል። ዘይት እንዳያልፍ ከክዳኑ ስር ዙሪያውን የሚገባ ጎማ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት እንደ ድንጋይ ይሆናል። ዘይቱ በኋላ በኩል እየወረደ የጭስ ማውጫው ላይ ይቃጠላል» ብሎ የእጅ ዋጋውን ነገረኝ። እውነቱን ልናገርና ዋጋው ብዙ አልነበረም። እኔ ግን አንድ ቪዲዮ አይቼ ነበር።

በቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ከእኛ ሳሎን በጸዳ ጋራዥ ውስጥ፣ ጓንቱን እንኳን ሳያቆሽሽ፣ በአስራ ሁለት ደቂቃ ጨርሶ ይሰናበታል። አንድም ቡሎን እምቢ አላለውም። አንድም ሰው መጥቶ «ምን ሆና ነው?» አላለውም። ይህን አይቼ ሶማሌ ተራ ወረድኩ።

«የቪትዝ ጋስኬት አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጓርኒሲዮን ማለትዎ ነው?» አለኝ። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ወጣ እያልን በየዓመቱ ሚያዝያ 27 እናከብራለን፤ ኮፈን ሲከፈት ግን ሰውዬው እዚያው ተቀምጧል። ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። አርበኞቻችን ዱሩንና ገደሉን ሲያስሱ ሞተር ውስጥ መፈተሹን ሳይረሱት አልቀሩም።

«ኦሪጅናል አለ፣ ደረጃ አንድ አለ፣ ታይዋን አለ» አለኝ ባለሱቁ።

«ኦሪጅናሉና ደረጃ አንዱ በምን ይለያያሉ?»

«ደረጃ አንድ ማለት ኦሪጅናል ማለት ነው።»

«እሺ፣ ኦሪጅናሉን ስጠኝ።»

«እሱ ለጊዜው የለም።»

ደረጃ አንዱንና አንድ ቱቦ ሲሊኮን ገዝቼ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስር ቁጥር ቁልፌን ይዤ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። አራቱ ኮይሎች በሰላም ወጡ። የፊቶቹ ቡሎኖችም ወጡ። ከኋላ በኩል፣ ከግድግዳው ጥግ ያለው አንዱ ቡሎን ግን ሳያየኝ ቀረ፤ እኔም አላየሁትም። በዳበሳ ስፈልገው እጄ ገባ፣ መውጣት ግን አልቻለም። ሩብ ሰዓት ያህል ሞተሩን አቅፌ ቆሜአለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ጎረቤቴ ቡናውን ይዞ ወደ በረንዳው የወጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጎረቤት ትንሽ ልበል። በ2016 ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰውዬው አዋጁን ራሱ ያረቀቀው ይመስል አንገቱን አቅንቶ ነው የሚሄደው። ያቺን መኪናውን ሲያስነሳ ድምጽ የላትም፤ ድምጹን የሚያሰማው እሱ ነው። «ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ጭስ የለ» ይላል ሳይጠየቅ። ያን ዕለት ደግሞ ሞተር እንዳቀፍኩ አየኝና፣ «ያንተዋ አሁንም ዘይት ትፈልጋለች?» አለኝ። በአንድ እጄ ሰላም አልኩት። ሌላው እጄ ሥራ ላይ ነበር።

ክዳኑ ሲነሳ ቀኑ እኩል ሆኗል። ገልብጬ አየሁት። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ፈለግሁ፤ የለም። ሞተሩ ላይ አየሁ፤ የለም። መሬት ላይ ፈለግሁ፤ የለም። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ዘይቱ የሚፈስሰው ጓርኒሲዮኑ ስለደረቀ አይደለም፤ ከዚህ በፊት የነካት አንድ ሌባ መካኒክ ጓርኒሲዮኑን አውጥቶ ሸጦታል! ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኳት። ለጎረቤቴ ጮክ ብዬ ነገርኩት። ለወንድሜ ደወልኩና ስለ አገራችን የሙያ ሥነ ምግባር መውደቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ተነጋገርን።

ከዚያ አዲሱን በክዳኑ ዙሪያ ባለው ቦይ ላይ አስቀመጥኩ። ውስጡ አልቀመጥ እያለ ሲያስቸግረኝ ሲሊኮን ጨመርኩበት። የቪዲዮው ሰውዬ ሲሊኮን የሚቀባው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ፣ የሰንሰለቱ ክዳን ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ጥግና ጥግ፣ የስንዴ ቅንጣት ታህል ነው። እኔ ዳቦ ላይ ማር እንደሚቀባ ሰው ዙሪያውን ጨረስኩት። ቡሎኖቹም ከመሃል ጀምሮ በመስቀለኛ፣ በትንሽ ጉልበት ብቻ ነው የሚጠብቁት። እኔ ከጥግ ጀምሬ፣ የጎተራ በር እንደሚዘጋ ገበሬ፣ እስትንፋሴን ይዤ አጠበቅሁ። ሲመሽ አስነሳኋት።

ያን ጊዜ የተነሳውን ጭስ መግለጽ ይከብደኛል። ግቢው ጠፋ። ከታችኛው ቤት ያሉት እማማ ስኒያቸውን ይዘው ብቅ አሉና፣ «ቡና የምትቆሉ መስሎኝ ነበር እኮ» ብለው፣ እኔንም መኪናዋንም ተራ በተራ አይተው ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት ያው ጋራዥ ሄድኩ። አንገቴን ደፍቼ መግባት ሲገባኝ፣ ገና ከበሩ ላይ ድምጼን ከፍ አድርጌ፣ «ይገርማችኋል፣ ጓርኒሲዮን የሌላት መኪና ነው ስነዳ የኖርኩት! ሰርቀውኛል!» አልኩ። ዋናው መካኒክ ምንም አላለም። ረዳቱን ጠራ። ልጁ ቢበዛ አስራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ክዳኑን ለማንሳት የፈጀበት ጊዜ የእኔ እጅ ታንቆ ከቆመበት ያንሳል። ሲሊኮኔን አየና ቅንድቡ ብቻ ተነሳ። ቀጭን ካቻቢቴ አንስቶ አዲሱን ጓርኒሲዮን አወጣ። ከዚያ ካቻቢቴውን መልሶ እዚያው ቦይ ውስጥ አስገባው።

«ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

አልመለሰልኝም። ጫፉን ቆንጠር አደረገና ሳብ ሲያደርገው፣ ዳሩ እንደተነሳ እንጀራ፣ አንድ ጥቁር ነገር ከክዳኑ ዙሪያ እየተላቀቀ ወጣ። ደርቋል። ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከብረቱ ጋር አንድ አካል ሆኖ፣ እኔ ሌባ ስፈልግ፣ አፍንጫዬ ስር ተኝቶ ነበር። ልጁ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ አነሳው። ሌሎቹ ረዳቶች ሥራቸውን አቁመው መጡ። ጎማ የሚነፋው መጣ። መኪናውን ለማሠራት የሚጠብቅ አንድ ባለ ክራቫት ሰው መነጽሩን አስተካክሎ ቀረበ። ቡና የምታፈላው ልጅ እንኳን ጀበናዋን ከእሳት አውርዳ ነው የመጣችው። ማንም አልሳቀም።

«አሮጌው ይህ ነው» አለ ልጁ። «በላዩ ላይ ነው የደረቡት።» ከዚያም «አይዞዎት፣ ጋሼ።»

አይዞህ እኮ ብዙ ዓይነት ነው። ለወደቀ ሕፃን የሚባል አለ፤ እሱ «ተነስ» ማለት ነው። ፈተና ለወደቀ የሚባል አለ፤ እሱ «ለሚቀጥለው» ማለት ነው። አንድ ሌላ ደግሞ አለ፤ ለቅሶ ቤት ገብተህ፣ ከሐዘንተኛው አጠገብ ተቀምጠህ፣ ሌላ የምትለው ስታጣ በእርጋታ የምትለው። የልጁ ይህኛው ነበር። ያለኝን የመካኒክነት ተስፋ ቀብሮ አፈሩን አራገፈ። ሲሊኮኔን ለመፋቂያ ደግሞ የተለየ ሒሳብ አስከፈሉኝ፤ ተዝካሩ ነው ብዬ ከፈልኩ።

አሁን መኪናዋ ጭስ የላትም። ግን እምነት አጥቻለሁ። ትናንት ከሥራ ስመለስ ከስሯ አንዲት ጠብታ አየሁ። ተንበርክኬ በጣቴ ነካኋት። አሸተትኳት። የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ እንደሆነ ገምቼ ነበር፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን ምላሴ ላይ አደረግኋት። ውሃ ነው።

ቀና ስል ጎረቤቴ ቡናውን እንደያዘ በረንዳው ላይ ቆሟል።

«አይዞህ» አለኝ።