ጅብ ከሄደ…

ዛሬ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ የሰፈራችን ዘበኛ ጭቃው ላይ ዱካ አሳዩኝ። «ሌሊት ሁለት ጅብ አልፏል፣ አንዱ ያነክሳል» አሉ። ጅቡን ግን አላዩትም!

ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ጄኔቭ አጠገብ፣ ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ቅንጣቶችን በሚያጋጨው የ27 ኪሎ ሜትር ቀለበት የሚሠሩት ተመራማሪዎችም ሥራቸው ይኸው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. መገኘቱ የተነገረውን ሂግስ ቦሶን የሚባል ቅንጣት ማንም በቀጥታ አላየውም፤ ገና እንደተፈጠረ ይበታተናል፣ እነሱ የሚይዙት ትራፊውን ነው፣ ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ወይ አራት ሌፕቶን (እንደ ኤሌክትሮን ያለ ቅንጣት)፣ ከዚያ ጉልበቱን ደምረው እናትየውን ወደኋላ ያሰላሉ። ሒሳቡ ከጎደለማ ጆሯቸው ይቆማል፤ የማይታይ አዲስ ነገር ሹልክ ብሎ ይሆናላ። (ብዙ ጊዜ ኒውትሪኖ የሚባል፣ መሣሪያው የማይዘው ቅንጣት ነው፣ የታወቀ ሌባ!)

ማታ ለጋሼ ነገርኳቸው። «ለዱካ ፍለጋ ደሞዝ አለው?» አሉኝ።