የታችኛው ጣሪያ ለላይኛው ጓሮ

ዛሬ አክስቴን ልጠይቃት ባሕር ዳር ወዳለው የኮንዶሚኒየም ቤቷ ጎራ ብዬ ነበር። በረንዳዋ ከአንድ ሰፌድ በላይ ስለማይችል የተረፈው በርበሬዋ ታች የጋራ መገልገያው ቤት ደጃፍ ላይ ተሰጥቷል። «ልጄ፣ እስቲ ወርደህ እየው፣ ዝናብ እንዳይመታብኝ» አለችኝ። ደረጃውን ስወርድ ሐሳቤ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ወዳለው ሃቢታት 67 የተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ሄደ።

አርክቴክቱ ሞሼ ሳፍዲ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በመመረቂያ ሥራው የነደፈውን ሐሳብ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ እያለ ለ1967 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ኤግዚቢሽን በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ዳር እውን አደረገው። 354 የኮንክሪት ሳጥኖች እዚያው ተመርተው፣ በክሬን እየተነሱ እስከ 12 ፎቅ ተደራረቡና 158 ቤቶች ሆኑ፤ አደራደራቸው ወጣ ገባ ስለሆነም የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ጓሮ ሆነ። ዓላማው ቤትን በብዛት አምርቶ ዋጋውን ማርከስ ነበር። ከታቀደው ጥቂቱ ብቻ ስለተሠራ ግን ወጪው በጥቂት ቤቶች ላይ አረፈ፤ ዛሬ ውድ መኖሪያ ነው።

በእኔ እይታ ትልቁ ውርሱ ከሳጥኖቹ ይልቅ ጓሮው ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየሞች ለበግ ማረጃና ለምግብ ማብሰያ የሚሆን የጋራ ቤት አላቸው፤ ሳፍዲ ይህን አላሰበውም (የሚያስብበትም ምክንያት አልነበረውም)። የእኛም ፎቆች እንደ ደረጃ ወደ ኋላ እየሸሹ ቢሠሩ ግን ለየቤተሰቡ ሰፊ ሰገነት ይተርፍ ነበር፤ እርግጥ ነው፣ ጣሪያ ላይ የሚኖር ሰው ካለ የውኃ ስርገት መከላከያው ሥራ ቀልድ አያውቅም።