ራልስቶኒያን ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስቀምጡ፣ ማንም ቢላችሁ

ጎንደር ሆናችሁ የድንችና የቲማቲም አጠውላጊ ባክቴሪያ፣ ራልስቶኒያ ማለቴ ነው፣ ስትሬይኖቹን (የአንዱ ባክቴሪያ የተለያዩ ዘሮች ናቸው) ላወዳድር ያላችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ፣ ለኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ናሙና መሰብሰቡ ቀላል ነው። ድንቹን ከዳባት፣ ቲማቲሙን ከደምቢያ በኩል አመጣሁ፣ ግንዱን ቆርጣችሁ ንጹህ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ስትነክሩት ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ከወረደ እሱ ነው። ዲኤንኤውን አባዝቶ የሚለየው ፒሲአሩም አላስቸገረኝም፣ መልቲፕሌክሱ (ብዙ ምልክት ባንዴ የሚፈትሸው ፒሲአር) ላይ የዲኤንኤው ቁራጭ ርዝመት 144 ቤዝ ፔር ከወጣ ፋይሎታይፕ (የባክቴሪያው ትልቁ የዘር ምድብ) አንድ፣ 372 ሁለት፣ 91 ሦስት፣ 213 አራት፣ በቃ። ድንቾቹ ሁሉም 372 ወጡ።

መከራዬን ያየሁት ማስቀመጡ ላይ ነው። የላቦራቶሪው መመሪያ ፍሪጁ በር ላይ ተለጥፏል፣ ማንኛውም ባክቴሪያ በፕሌት (ሚድያ፣ ማለትም የባክቴሪያ ምግብ፣ የፈሰሰበት ሳህን) 4 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ ይላል። ይሄ ባክቴሪያ እኮ ብርድ አይወድም፣ ወይ ይሞታል ወይ በሕይወት እያለ ሚድያ ላይ አልበቅልም ይላል። ፕሌት ላይ ሲቆይና ከፕሌት ወደ ፕሌት ሲዛወር ደሞ ፒኤችሲኤ የሚባለው ጂን ይበላሽበትና የተክሉን የውሃ ቱቦ የሚዘጋበትን ዝልግልግ ነገር ማምረት ያቆማል፣ ያኔ ቫይሩለንስ፣ ተክሉን የማሳመም አቅም ማለት ነው፣ የለም። ለኃላፊው ነገርኩት፣ "መመሪያ ነው" አለኝ። ተመራማሪው ኬልማን በ1954 (እ.ኤ.አ.) ስለዚሁ ባክቴሪያ የጻፈውን ሳሳየው "ይሄማ የድሮ ነው" ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ!

ከዛ ፍሪጅ ውስጥ የቆዩትን ቲማቲም ላይ ኢኖኩሌት ሳደርግ (ባክቴሪያውን ተክሉ ላይ ስጨምር) ግማሾቹ ድርቅ አደረጉት፣ ግማሾቹ ምንም፣ ያውም ከአንድ ማሳ የመጡ። አማካሪዬ ደስ አለው፣ ትልቅ ልዩነት ተገኘ ተባለ። እኔ ግን አላመንኩም፣ ቲዚሲ ሚድያ ላይ፣ ጤነኛውንና የደከመውን በቀለም የሚለየው ማሳደጊያ ነው፣ ዘረጋኋቸው። ጤነኛው ነጭ፣ ፈሳሽ፣ መሃሉ ሮዝ የሆነ ኮሎኒ ነው ሚሰጠው፣ እነዛ ሰነፎቹ ትንንሽ፣ ክብ፣ ጥቁር ቀይ ሆነው ቁጭ አሉ። ልዩነቱን የፈጠረው ፍሪጁ እንጂ ማሳው አይደለም። ስንት ቴሲስ እንዲህ ተጽፎ ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

መፍትሄው ደሞ ርካሽ ነው፣ ስቴራይል የተደረገና የቀዘቀዘ ዲስቲልድ ውሃ በትንሽ ቱቦ፣ ባክቴሪያውን እሱ ውስጥ፣ ክዳኑን ጥብቅ፣ በክፍል ሙቀት፣ ለዓመታት ይቆያል። ይህን ለመፍቀድ ደብዳቤ ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ፣ ማህተም ያለው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና፣ በመጨረሻ ማህተም ሳልጠብቅ እዛው ላቦራቶሪ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፣ አልጸጸትም። ከማሳ እንደገና ለይቼ ወዲያው ውሃ ውስጥ ያስገባኋቸው ናቸው ውጤት የሰጡኝ። ሁሌም ኢኖኩሌት ከማድረጋችሁ በፊት ቲዚሲ ላይ እዩት፣ ፕሮቶኮሉ ባይጠይቅም።

ሌላው ሙቀት ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ማሞቂያ የሌለው ግሪንሃውስ ሌሊት ይበርዳል። የደጋ ድንች ላይ የሚታወቀው ፋይሎታይፕ ሁለት ቢ ሴክዌቫር 1 (ሴክዌቫር ከፋይሎታይፕ ስር ያለ ንዑስ ምድብ ነው) ብርዱን ችሎ ያጠወልጋል፣ ፋይሎታይፕ አንድ ግን ሞቃት ስለሚፈልግ እዚህ ደካማ ይመስላችኋል፣ ቆላ ቢወርድ ግን ሌላ ነው። ስለዚ ሙቀቱን ሳትመዘግቡ "ይሄ ስትሬይን ይበልጣል" አትበሉ። ፈንድ ያለው ሰው ደሞ ሙሉ ጂኖም ካላስነበብኩ ይላል፣ መጀመሪያ ኢጂኤል ጂኑን ብቻ አስነብቡ፣ ሴክዌቫሩን እሱ ይነግራችኋል። እኔ ጋ በውሃ ከቆዩት ውስጥ ከደምቢያ የመጣ አንዱ ብቻ ነው እውነትም ደካማ ሆኖ የቀረው፣ ሙሉ ጂኖም የሚገባው እሱ ነው።