ቀይ ነጥብ ያለባቸው ሳህኖች

ዛሬ የአክስቴ የአርባ ቀን ተዝካር ካለፈ በኋላ የእድሩን ዕቃ ልመልስ ሄጄ ነበር። አዲሷ ዕቃ ያዥ ከመዝገቡ ጋር እያመሳከሩ ሳህኖቹን ቆጠሩ፤ 150 ናቸው፣ አንድም አልጎደለም። በእድራችን ደንብ የተሰበረውን የሚተካው ባለሐዘኑ ስለሆነ፣ እፎይ ብዬ ልወጣ ስል ሴትዮዋ አንዱን ሳህን ገልብጠው አሳዩኝ። ጀርባው ላይ አክስቴ የእድሩን ዕቃ ከሰው ዕቃ ለመለየት በኩቴክስ የምታደርገው ቀይ ነጥብ አለ። ፊቱን ሳየው ግን፣ ጠርዙን ሰማያዊ ሐረግ የሚዞረው፣ በልጅነታችን ቁርስ የበላንበት የቤታችን ሳህን ነው። እንዲህ ያሉ 11 አገኘን።

ለካ ዕቃ ያዥ በነበረችባቸው ዓመታት፣ ችግረኛ ቤት ሳህን በተሰበረ ቁጥር ከራሷ ቁም ሳጥን አውጥታ፣ ነጥቧን አድርጋ ትተካ ኖሯል። እኛ «ሳህኑን ማን ሰበረው?» እየተባባልን ስንካሰስ እሷ ዝም ትል ነበር (እኔ በታናሽ ወንድሜ ላይ ማሳበቤን አልክድም)። በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ማኅበር ሳታስታጉል፣ የወንድሟን አራት ልጆች ያሳደገች ሴት መሆኗ በቀብሯ ዕለት በሕይወት ታሪኳ ተነቧል፤ ስለ ሳህን ግን የተነሣ ነገር አልነበረም።

ዕቃ ያዥዋ «የእናንተን ውሰዱ» ቢሉኝም መልሰው እንዲደረድሯቸው ለመንኳቸው። የአንዱ ነጥብ ስለደበዘዘ ነገ ኩቴክስ ይዤ እመለሳለሁ።