ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ?

ወረቀቱ ላይ "ዋና" ይላል። ታካሚው የመለሱት "ዋና" ነው። አጠገቡ የስህተት ምልክት አለ። ምልክቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ዓመታት አልፈዋል፤ ነገሩ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

የንግግርና የመስማት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ ሌላ ከተማ ነው። ለተግባር ልምምድ ግን ተወልጄ ባደግኩበት ጎንደር ተመደብኩ። በጠዋት ከአዘዞ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ። የመስማት ምርመራ የምንጀምረው ከ2 ሰዓት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የባጃጁ ድምፅ አያሠራም፤ ክፍላችን ድምፅ የሚከላከል ግድግዳ የለውም። አንዷን ክፍል በመስታወት ከፍለናታል። ታካሚው ወዲያ፣ እኛ ወዲህ።

አንድ ማክሰኞ አንድ አዛውንት መጡ። ጋቢ ለብሰዋል፤ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመዋል፤ መቋሚያቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘውታል። አብሯቸው የመጣው የቆሎ ተማሪ "የኔታ" ሲላቸው እኔም የኔታ አልኳቸው።

"ምን ሆነው መጡ የኔታ?"

"ድምፁስ ይሰማኛል ልጄ። ቃሉ ነው የሚያመልጠኝ። ልጆቹ ንባብ ሲያሰሙኝ ድሮ አሸልቤም ቢሆን ስህተታቸው ይቀሰቅሰኝ ነበር። አሁን አጠገቤ ሆነው ሲሳሳቱ ያልፈኛል።"

ይህን አባባል በትምህርት ቤት ደጋግመን ሰምተነዋል። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድክመት ያለበት ሰው አንደኛ ምልክት ነው። ድምፅ አለ፣ ቃል የለም። ጆሯቸውን አየሁ፤ ትንሽ ኩክ ነበር፣ ተጠረገ። ከዚያ በድምፅ መለካት ጀመርኩ። ከወፍራሙ ድምፅ፣ ከ250 ኸርዝ፣ እስከ ቀጭኑ 8000 ኸርዝ፣ ቀኝ ከዚያ ግራ። ከ1000 በታች ያለውን በሚገባ ይሰማሉ። 2000 ላይ 40 ዴሲቤል ወረደ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መስማቱ ደክሟል ማለት ነው። 4000 ላይ 65። 8000 ላይ 75። ሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ቁልቁለት ነው። የእኛ ሙያ ሰው ኦዲዮግራሙን፣ ማለትም የመስማት ልኬቱን ሥዕል፣ ሲያይ ወዲያው ይገባዋል፦ ሰ እና ፈ ከእጃቸው ወጥተዋል ማለት ነው። የሰ ፉጨት ከ4000 ወዲያ ነው ጉልበቱ።

ቀጥሎ የቃላት ፈተና አለ። ሰውየው በሚመቸው ከፍታ 25 ቃል ይሰማል፣ ይደግማል። አንዱ ቃል 4 ነጥብ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ደብልዩ-22 የሚባለው ዝርዝር 50፣ 50 ቃል ያላቸው አራት ክፍሎች አሉት። ጊዜ ለመቆጠብ ብዙ ቦታ ግማሹን 25 ይጠቀማሉ። እኛ ጋ ተቆጣጣሪ መምህሬ ይህን አይቶ 25 የአማርኛ ቃላት መርጧል፤ በራሱ ድምፅም ቀድቷል። ለመርማሪው የሚሰጠው ወረቀት ላይ ከየቃሉ ጎን ትርጉም በቅንፍ አለ።

አንድ ችግር ነበር። ቅጂው የሚሰማው በታካሚው ጆሮ ብቻ ነው። መርማሪው የሚከታተልበት ማዳመጫ ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ እኔ የማየው ወረቀቱን ነው፤ የምሰማው የታካሚውን መልስ ነው።

"የኔታ፣ የሰሙትን ቃል ብቻ ይድገሙልኝ። ካልገባዎት ይገምቱ። እኔን ግን እንዳይጠይቁኝ" አልኳቸው። ደንብ ነው። መርማሪ ፍንጭ መስጠት የለበትም።

ጀመርን። በአንዱና በሌላው ቃል መካከል ያለው ጊዜ የጥቂት ሰከንድ ነው። እጅ ይሮጣል። "ሳል" ሲባሉ "ፋል" አሉ። ይጠበቃል። "ዋና" የሚለው ላይ ወረቀቴ "በውሃ" ይላል። እሳቸው ናን አጥብቀው እንደ "ዋናው ነገር" አሉት። ስህተት። "ገና" ላይ ወረቀቴ "እስካሁን" ይላል። እሳቸው የታኅሣሡን በዓል አሉ። ስህተት። "ሰፊ" ላይ ወረቀቱ የልብስ ሰፊውን ነው የሚለው። እሳቸው ፊን አጠበቁት። ስህተት። አንዴ በመስታወቱ በኩል ዓይናቸውን ወደ እኔ አነሡና "ልጄ፣ ይሄ..." ብለው ጀመሩ። በእጄ "ይቀጥሉ" አልኳቸው። ዝም ብለው ቀጠሉ።

ሲያልቅ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ስንት ሳትኩ?"

"ውጤቱን መምህሬ ነው የሚነግርዎት የኔታ።"

"አሥራ ሁለት ነው።"

ዝም አልኩ። ልክ ነበሩ።

"ስታርሚ አየሁሽ። ለትክክሉ ብዕርሽ አንዴ ይሄዳል፤ ለስህተት ሁለቴ ታጣምሪዋለሽ። ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ የእኔ ናቸው። አልያዝኳቸውም፣ ገመትኩ። ሰባቱን ግን እንዳንቺ ድምፅ አጥርቼ ነው የሰማኋቸው። ያ ሰውዬ ዋና ሲል አጥብቆ ነው ያለው። እኔም አጥብቄ መለስኩ። ለምን አጠፋሽብኝ?"

ወረቀቱን ለታካሚ ማሳየት አይፈቀድም። እኔ ግን አየሁት። ስህተት በሆነ ቁጥር ታካሚው ያሉትን በባዶው ቦታ መጻፍ ልማዴ ነው። ሰባት መስመር ላይ ጥያቄውና መልሱ አንድ ዓይነት ፊደል ነው። ዋና፣ ዋና። ገና፣ ገና። ሰፊ፣ ሰፊ። በራ፣ በራ። ለጋ፣ አለ፣ ሽፍታም እንዲሁ። ደሜ ወደ ራሴ ወጣ።

"ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ የሚለውን ማን ጻፈበት?" አሉኝ።

"ማንም አልጻፈበትም የኔታ።"

"ታዲያ በምን ታርሚኛለሽ?"

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ተማሪ እንደሚጠይቁ ነው የጠየቁኝ፤ መልስ ጠብቀው። መልስ አልነበረኝም። የድምፅን ርዝመት በኮምፒውተር ስለካ የከረምኩ ሰው ነኝ። የጠበቀ ድምፅ ከላላው ረዘም እንደሚል በሥዕል አይቼዋለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። የኔታ ጆሮ ላይ የደከመው የድምፅ ቅጥነት ነው፣ ርዝመት አይደለም። ሰ ከፈ ሊምታታባቸው ይችላል። ናን ጠብቆና ላልቶ መለየት ግን አያቅታቸውም። ሰባቱ ስህተት የጆሮ ስህተት ሊሆን እንደማይችል ኦዲዮግራሙ ራሱ ይናገር ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አላነበብኩትም።

እሳቸው ይህን ያውቁታል። ሕይወታቸው ነው። ልጅ ፊደል ከጨረሰ በኋላ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ሲያልፍ መምህሩ የሚያርመው ይህንኑ ነው። የቱ ይነሣል፣ የቱ ይወድቃል፣ የቱ ይጠብቃል፣ የቱ ይላላል። ፊደሉ ብቻውን ይህን አይናገርም። ለዚህ ነው የኔታ የሚያስፈልጉት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ወደ መምህሬ ገባሁ። ወረቀቱን አየና "52 ከመቶ" አለ። "የቀሩን የመስሚያ መሣሪያዎች ሦስት ናቸው። ግማሹን ቃል ለማይለይ ሰው ሰጥተን ምን ይጠቅመዋል? ለሌላ ይሁን።"

አስረዳሁት። ሰባቱን መስመር አንድ በአንድ አሳየሁት።

"ቃል ሲሰነጥቁ የኖሩ ሰው ናቸው። አንቺንም በቃል ያዙሽ" አለኝ። "ዝርዝሩ ስንት ጊዜ ሠርቷል። ደግሞ ተማሪ መሆንሽን አትርሺ።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሆዴ የቀረው። ተማሪ መሆኔን ስላስታወሰኝ አይደለም። ተማሪ ነበርኩ። "ስንት ጊዜ ሠርቷል" ያለው ነው። ከእኔ በፊት በዚያ ወረቀት ስንት ሰው ተመዘነ? ስንቱ እናት፣ ስንቱ ገበሬ ሰባት ቃል በትክክል ሰምቶ ሰባት ስህተት ተጻፈበት? እነሱ እንደ የኔታ ብዕር አይከታተሉም። "አልሰማም ማለት ነው" ብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር ቅጂውን በላፕቶፕ ድምፅ ማጉያ ከፍተን ሰማነው። መምህሬ ሲቀዳ ቃላቱን ብቻ የያዘ ወረቀት ነው ያነበበው። ትርጉሙ በቅንፍ የተጨመረው በኋላ ይመስለኛል። ሰባቱም ቦታ ላይ ድምፁና ቅንፉ አይገናኙም። የኔታ የሰሙት ትክክል ነው። እንደገና ደመርኩ። 20 ከ25። 80 ከመቶ።

የኔታን በስልክ አስጠራሁ። ሐሙስ መጡ። ፈተናው አልቋልና ቅጂውን ከፍቼ አሰማኋቸው። ብዕር ጠየቁኝ። ከየቃሉ በላይ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ለጠበቀው "ጥ"፣ ለላላው "ላ" እያደረጉ እስከ ታች ወረዱ። ሰ ያለባቸው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። "ይሄ ምንድን ነው ያለው?" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። "እነዚህ የእኔ ስህተት ናቸው" አሉ። አንዱንም አልሸሸጉም።

አዲሱን ድምርና ሁለቱን ወረቀቶች መምህሬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ረጅም ጊዜ አየው። ፈረመ። ምንም አላለም። ከዚያ የየኔታን ጽሕፈት በጣቱ እየነካ "ይሄን ማን ሞነጫጨረበት? ንጹሕ ኮፒ አውጪ" አለኝ። ዝርዝሩ ልምምዴ እስኪያልቅ አልተቀየረም። እኔ ግን በየኔታ ወረቀት ነበር የማርመው። ደንብ መጣሴ ነው። አልጸጸትም።

ያም ሆኖ የኔታን "አይጠይቁኝ" ያልኩበትን ደንብ ዛሬም ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ትክክለኛ ደንብ ነው። መርማሪ ከመለሰ ፈተናው ፈተና አይሆንም። የኔታ ግን ደንቡን ጠብቀው ቢወጡና ዝም ቢሉ ኖሮ መሣሪያው ለሌላ ይሄድ ነበር። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው እስካሁን አላገኘሁትም።

መሣሪያው ለቀኝ ጆሯቸው ተደረገ። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው፣ በ13 ቁጥር ባትሪ የሚሠራው። በሳምንቱ ተመለሱ። "ልጆቹን አገኘኋቸው። ጸናጽሉ ግን ጆሮዬን በላው" አሉ። ማኅሌት ላይ ጸናጽል ሲንሿሿ መሣሪያው ያንኑ ቅጥነት ነው የሚያጎላው። ቀነስኩላቸው። ያን ጊዜ ሰ እንደገና ጠፋ። መልሼ ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ ራሳቸው ፈረዱ፦ ለማኅሌት ይወልቃል፣ ለንባብ ይጠለቃል። አብሯቸው የመጣው ልጅ "ወይኔ" ብሎ ሳቀ። ከዚህ በኋላ ስህተቱ እንደማያልፍለት ገብቶታል።

ከተመረቅኩ ከአንድ ዓመት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። እዚያው ቦታ ልምምድ የምትሠራ ልጅ ናት። ቁጥሬን ከጓደኛዬ ወስዳ ነው።

"የቃላት ወረቀቱ ላይ ከፊደሎቹ በላይ ትንንሽ ጥ እና ላ አለ። ኮፒ የተደረገ ነው። ንጹሑ ጠፍቷል አሉኝ። ምን ማለት ነው?"

ነገርኳት። ጥ ይጠብቃል፣ ላ ይላላል። በቅንፍ ያለውን ተዪው፣ በእሱ አርሚ አልኳት።

"አዘጋጁ ማን ብዬ ልጻፍ? ሪፖርት ላይ ይጠየቃል" አለችኝ።

"ታካሚ ብለሽ ጻፊ" አልኳት።